አሮጌ የመስክ መኪና ገዝታችሁ መንቀጥቀጡ ላስመረራችሁ

ይህን የምጽፈው አሮጌ የመስክ መኪና ገዝተው ወይም ከቤተሰብ ወርሰው፣ «ይህ ነገር ብልሽት ነው ወይስ የመኪናው ተፈጥሮ?» እያሉ ከጋራዥ ጋራዥ ለሚንከራተቱ ነው። እኔም በዚሁ ጥያቄ ብዙ ተንከራትቻለሁ፤ ብዙ ገንዘብም ፈስሶበታል። ባሕርይውን ከሕመሙ መለየት ከቻልኩ በኋላ ግን ወጪውም ጭንቀቱም ቀነሰ።

ዛሬ ይህ ነገር ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ሰውን ይመለከታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ የናፍጣና የቤንዚን መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። አጠባበቃቸውን ማወቅ ግድ ነው።

የገዛሁት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው። የሠሪውን ስም የማልጠቅሰው የምናገረው በዚሁ አሠራር ስለተሠሩት ሁሉ ስለሆነ ነው። አካሉ የተቀመጠው በወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ ነው። የፊቱም የኋላውም ግራና ቀኝ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ተያይዘዋል፤ ስለዚህ የግራው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቀኙም አብሮ ያዘነብላል፣ ተሳፋሪውም ወደ ጎን ይናጣል። አክስሉ፣ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልና ትልልቆቹ ጎማዎች ከሞላው በታች ያሉ ከባድ ነገሮች ናቸው፤ ድንጋይ ሲመታቸው ወደ ላይ ተወርውረው አካሉን ይገፉታል። ሞላዎቹም የተሠሩት ቤተሰብ ከነጓዙ እንዲሸከሙ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳው መኪናው ይዘላል፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላ ግን ይረጋጋል።

ይህ ሁሉ ተፈጥሮው ነው። በጭቃና በድንጋይ ላይ የማይበገረውም በዚሁ አሠራር ምክንያት ነው። ከትንሽ የከተማ መኪና ወደዚህ የተሸጋገረ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ፣ የማይድን ነገር ለማዳን ገንዘቡን አይጨርስም። አስቸጋሪው ነገር እውነተኛ ሕመም ከዚህ ተፈጥሮ ጀርባ መደበቁ ነው። «የመስክ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ብልሽት ሸፍኖ ያልፋል።

የእኔን ያጋለጠችው እናቴ ናት። የወገብ ሕመም አለባት። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ደጀን ላይ ለቡና ቆምን፤ ከመኪናው ወርዳ ቀጥ ብላ መቆም አቃታት። «ልጄ፣ መኪናሽስ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ወገብ ግን አልሆነም። ስመለስ በአውቶቡስ ነው» አለችኝ። በቁጣ ብትናገረው ይቀለኝ ነበር። ያለ ምንም ወቀሳ፣ በእርጋታ ነው ያለችው፤ እንዳለችውም በአውቶቡስ ተመለሰች።

አዲስ አበባ እንደደረስኩ አንድ ጋራዥ አስገባሁት። አራቱም አሞርዛተር ይቀየር ተባለ፤ ዕቃ ሻጩም «ለአገራችን መንገድ ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ለከባድ ጭነት የተሠራውን ሰጠኝ። መኪናው ከበፊቱ የባሰ ሆነ። በኋላ እንደተረዳሁት የአሞርዛተር ሥራ ሞላው ታምቆ ሲለቀቅ ደጋግሞ እንዳይዘል መግታት ነው። ለጭነት የተሠራው ባዶ መኪና ላይ ሲገጠም መግታቱን ያበዛዋል፤ ሞላው ትንንሹን ጉብታ ለመዋጥ ዕድል አያገኝም። የከተማችን ኮብልስቶን ላይ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻ ትቆጥራላችሁ። ስለዚህ አሞርዛተር ስትገዙ «ጠንካራ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለምን ያህል ጭነት እንደተሠራ ጠይቁ። የቀድሞው በእርግጥ መሞቱንም አረጋግጡ፦ ዘይት ገላው ላይ ወርዶ አቧራ ከያዘ፣ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ወዲያው ሳይረጋጋ ደጋግሞ ከተወዛወዘ፣ ወይም የጎማው ገጽ እየዘለለ በቦታ በቦታ ከተበላ ጊዜው አልፏል። የእኔ አንዱም ምልክት አልነበረበትም።

ብዙ ሳይቆይ ከምቾት ማጣት የከፋ ነገር መጣ። ሱሉልታን አልፌ ሜዳው ላይ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ እየነዳሁ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ መታሁ። መሪው በእጄ ውስጥ ግራና ቀኝ በኃይል መራገብ ጀመረ፣ የፊቱ ክፍል በሙሉ ተንዘፈዘፈ፤ ጉድጓዷን ካለፍኩ በኋላም አላቆመም። ፍጥነቱ በጣም እስኪወርድ ድረስ ቀጠለ። ይህ የሚደርስባችሁ ከሆነ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ግን አትታገሉት። ፍሬኑን በድንገት አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጁ አንሡና መኪናው በራሱ ፍጥነት እንዲቀንስ ጠብቁ፤ ከዚያ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መኪኖች ላይ የሚታወቅ ችግር ቢሆንም ጤነኛ መኪና ላይ አይከሰትም። ተፈጥሮው ነው የሚላችሁን አትመኑ።

ሁለተኛው ጋራዥ ጎማ ባላንስ አደረገ፣ አላይመንት ሠራ፣ የመሪውን አሞርዛተርም ቀየረ። ይህ በመሪው ዘንግ ላይ በአግድም የሚገጠም ትንሽ አሞርዛተር ነው። መራገቡ ጠፋ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ፣ ያውም በዝቅተኛ ፍጥነት። አዲሱ የመሪ አሞርዛተር የላላውን መገጣጠሚያ መንቀጥቀጥ ለጊዜው አፍኖ ይዞት እንጂ የላላው እንደላላ ነበር። በዚህ ዕቃ ብቻ «ተፈወሰ» የተባለ መኪና የምትነዱ ካላችሁ እባካችሁ ነገ ሳይሉ ያስመርምሩ። ልል መገጣጠሚያ በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል።

ነገሩ የተለወጠው ሳሪስ አካባቢ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ነው። ያለኝን ሁሉ ስዘረዝርላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ጎማው ስንት ንፋስ ይዟል?» አሉኝ። እንደማላውቅ ስነግራቸው የሹፌሩን በር ከፍተው በፍሬሙ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አሳዩኝ። ለፊት 29፣ ለኋላ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል። ሲለኩት አራቱም 45 ነበሩ። ጎሚስታው መኪናው ትልቅ ስለሆነ ብሎ እንደ ሚኒባስ ሞልቶታል።

«ከብረቱ ሞላ በፊት ያለው ሞላ ጎማው ነው። እርሱን ድንጋይ አድርጋችሁት አሞርዛተር ትቀይራላችሁ» አሉ። ወደ ልኩ አወረዱትና ዞሬ እንድመለስ ላኩኝ። አንድም ዕቃ ሳይቀየር፣ ሳንቲም ሳልከፍል፣ መኪናው ግማሽ ያህል ለሰለሰ ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉ የሚቀለውና ከሁሉ የሚዘነጋው ይህ ነውና። የራሳችሁ የንፋስ መለኪያ ይኑራችሁ፤ የጎሚስታው መለኪያ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ማንም አያውቅም። የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ጎማ ሲነዳ ይሞቃል፣ ንፋሱም ይጨምራል፤ ሞቆ ባሳየው ቁጥር ደንግጣችሁ ብታስተነፍሱት ሲበርድ ከልክ በታች ይሆናል። ጓዝና ሰው ስትሞሉ በበሩ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈ ሌላ ቁጥር ካለ ወደዚያ ከፍ አድርጉ። ረጅም ፒስታ መንገድ ላይ ቀስ ብለው ለሚነዱ ጥቂት መቀነስ ምቾት ይሰጣል፤ አስፋልት ሲጀመር ግን መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ይፈነዳልም። ለምቾት ብላችሁ ከልክ በታች አድርጋችሁ ሩቅ አገር አትሂዱ።

የጎማውን ዕድሜም ተመልከቱ። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ባለአራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 2319 ከሆነ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የእኔ ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ነበር፣ ላስቲካቸው ግን ከእርጅና ደርቋል። የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ላይም አይዝም። ስኮርት ጎማችሁንም አትርሱት፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እርሱ ነው።

ከዚያ መካኒኩ ከሥር ገቡ። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ለመስክ ሥራ ይጠቀምበት ስለነበር ሞላዎቹን ለከባድ ጭነት በሚሆኑ ቀይሮ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎታል። ከፍ ያለ መኪና ያምራል፤ እኔም ስገዛው ወድጄው ነበር። ነገር ግን ወጥ አክስል ያለው መኪና በሞላ ብቻ ከፍ ሲደረግ አክስሉ በያዙት ክንዶች ምክንያት በጥቂቱ ይዞራል። መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርገው ማዕዘን፣ ባለሙያዎች ካስተር የሚሉት፣ ያንሳል። ያን ጊዜ መኪናው ቀጥታ መንገድ ላይ ይዋልላል፣ ለመራገብም ይመቻቻል። አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘው ዘንግም አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። መኪና ከፍ ማድረግ የግድ የሚያስፈልገው ሰው እነዚህን ሁሉ የሚያስተካክሉ ዕቃዎች አብሮ መግጠም አለበት። እኔ ግን ሱቅና ቤት፣ አልፎ አልፎም ጎጃም ነው የምሄደው። ሶማሌ ተራ ሄጄ በሻንሲ ቁጥሩ መሠረት የመጀመሪያውን ዓይነት ሞላ አፈላልጌ አስገጠምኩ፤ አሞርዛተሮቹንም እንደዚያው። ሻጭ «ይሄም ይሆናል» ቢላችሁ የድሮውን ዕቃ ይዛችሁ ሄዳችሁ ቁመቱንም ውፍረቱንም አስተያዩ።

መካኒኩ የመራገቡን ምክንያት ያገኙበትን መንገድ ማንኛችሁም ልታስደርጉት ትችላላችሁ። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ ሞተሩ ይነሣል፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያደርጋል። መካኒኩ ከፊት ሥር ሆኖ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ያያል፣ በእጁም ይዳስሳል። አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም በብረቱ ቀለበት ውስጥ የሚገባው ላስቲክ፣ ተቀዶ ዘንጉ በያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሲላወስ እኔም አጎንብሼ አየሁት። ከዚያ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ ኳ ኳ አለ። «ፍሬን ርገጪ» አሉኝ። ፍሬኑ ተረግጦም ኳኳታው አልጠፋም። ቢጠፋ ኖሮ ችግሩ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነበር፤ ስላልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት ማጠፊያ ኩሽኔታ መሆኑን አወቁ። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ሲወዘወዝ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ቴስቲናው፣ ማለትም የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ ይጠረጠራል። ይህ ሁሉ ምርመራ መሣሪያ አልጠየቀም። የተቀየሩት ጎሚኒና ኩሽኔታ ቀድሞ ከከፈልኩባቸው አሞርዛተሮች ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ኢምንት ነው። መሪው ከዚያ ወዲህ ረግቷል።

ከእርሳቸው የተማርኩትን አንድ ነገር በተለይ ልንገራችሁ፣ ብዙ ቦታ ስለማይደረግ። አዲስ ጎሚኒ ሲገጠም ቡሎኑ መጨረሻ ላይ መጥበቅ ያለበት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በራሱ ጎማ ከቆመ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ መኪናው ይደርቃል፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። ጎሚኒ በየጊዜው እየተበላ ያስቸገራችሁ ካላችሁ የዕቃውን ጥራት ከመውቀሳችሁ በፊት ቡሎኑ እንዴት እንደጠበቀ ጠይቁ። ለመካኒኩ በትሕትና ብታስታውሱት የሚቀየም አይኖርም። በተለይ ለሴት አሽከርካሪዎች፦ ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ምኑ እንደተበላ አሳዩኝ በሉ። አላዋቂ የሚያስመስል ጥያቄ የለም።

የአራቱን ጎማ ማርሽ በሚመለከት አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንደ እኔ ባሉት መኪኖች የፊትና የኋላውን አክስል የሚያገናኘው ማርሽ ሲገባ ሁለቱ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቻችለዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መታጠፊያ ላይ የፊቱ ጎማ ረጅም መንገድ መሄድ ሲፈልግ ኃይሉ የትም አይወጣም። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ሲታጠፍ ይነጥራል፣ ማርሹም አልወጣ ይላል። በክረምት ከሉማሜ ገጠር መንገድ ወጥቼ አስፋልት ስይዝ ይህ ደረሰብኝ፤ ቀጥታ ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር ስነዳው ማርሹ በቀላሉ ወጣ። በኃይል አትታገሉት። ደግሞ ጭራሽ ሳይጠቀሙበት መክረምም አይበጅም፤ ወር ሲሞላ ፒስታ መንገድ ላይ አስገብታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትነዱት ውስጡ ዘይት ያገኛል።

ወደ ጎጃም የምትመላለሱ ዓባይ በረሃን ታውቁታላችሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ከባድ መኪና በፍሬን ብቻ ካወረዳችሁት ፍሬኑ ይግላል፣ ፔዳሉም ይላላል። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። በዳገቱ ደግሞ ተራው የራዲያተሩ ነው። ተራ ውኃ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ከደረቀ ጤነኛ ሞተር ዳገት ላይ ያፈላል። ርካሽ ዕቃ ነውና ራዲያተር ከማስወረዳችሁ በፊት እርሱን ቀይራችሁ ሞክሩ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፍታችሁ የሙቀት ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ክዳኑን ግን ትኩስ ሳለ በፍጹም አትንኩ። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያወጣና ቢደክም ግን አትደንግጡ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ነው።

እናቴ አሁን በዚሁ መኪና ትሄዳለች። ከኋላ ወንበር ይልቅ ከፊት ትቀመጣለች፣ የኋላው መቀመጫ ወደ አክስሉ ስለሚጠጋ ምቱን አብልጦ ይቀበላልና። መውጫው ስለሚያስቸግራት ከበሩ ሥር መርገጫ አስገጠምኩላት። ፖርቶ መጋላ ላይ እንጭነው የነበረውን ከባድ ዕቃ ወደ ውስጥ፣ ከኋላው አክስል ፊት ለፊት ዝቅ አድርገን እናስቀምጣለን፤ መኪናው መታጠፊያ ላይ መወዛወዙን በእጅጉ ቀንሷል። ኮረኮንች ላይ አሁንም ይናጣል። ያ አይለወጥም፣ እኛም ቀስ እንላለን።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከግዢ በፊት ከከተማ ወጥታችሁ 80 ድረስ ንዱት፣ መሪው በራሱ ይመለስ እንደሆነ፣ ጉብታ ሲመታ እንዴት እንደሚረጋጋ እዩ። ንፋሱን መጀመሪያ በልኩ አስደርጉ፣ አለዚያ የምትፈትኑት ጎማውን ብቻ ነው። ከፍ የተደረገ ከሆነ ምን ምን እንደተቀየረ ጠይቁ። ጎማ፣ ሞላ ወይም ጎሚኒ አስገጥማችሁ ከሆነም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ የቸርኬውን ዳዶና የተነኩትን ቡሎኖች በሙሉ እንደገና አስጠብቁ።